የሶላሪስ ቤተ መጻሕፍት፦ አሰልቺ የሚመስሉት ምዕራፎች ለምን ተጻፉ?

ስታኒስዋፍ ሌም «ሶላሪስ» የተባለውን ልብ ወለድ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ዩሪ ጋጋሪን ምድርን የዞረውም በዚያው ዓመት ነበር። ሰዉ ሁሉ ወደ ሰማይ አንጋጦ «ከዚያ ማዶ ማን ይኖር ይሆን?» በሚልበት ሰዓት ይህ ፖላንዳዊ ደራሲ የባሰውን ጥያቄ ጠየቀ፤ ብናገኘውስ፣ ማግኘታችንን በምን እናውቃለን?

መጽሐፉ ወፍራም አይደለም። ምዕራፎቹ 14 ናቸው፣ ገጸ ባሕርያቱ በጣት የሚቆጠሩ፣ ታሪኩም ከአንድ የምርምር ጣቢያ ብዙ አይርቅም። ሆኖም አንባቢን ይፈትናል። የሞተች ሚስት ተመልሳ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ፣ የአንባቢ ልብ በተንጠለጠለበት ሰዓት፣ ተራኪው ከጣቢያው ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ መጽሐፍ ያወርድና ስለ አንድ የሳይንስ ዘርፍ ታሪክ ገጽ በገጽ ይተነትናል። የሌሉ ሊቃውንት፣ የሌሉ መጻሕፍት፣ ያልተካሄዱ ክርክሮች። በሁለተኛው፣ በስምንተኛውና በአሥራ አንደኛው ምዕራፍ ሰፊውን ቦታ የያዘው ይኸው ነው። እነዚህን ገልብጦ የፍቅሩን ታሪክ ብቻ መከተል ያጓጓል። እኔ ግን የመጽሐፉ ልብ ያለው ተዘሎ በሚታለፈው ክፍል ውስጥ ነው ባይ ነኝ፤ የደራሲው ሕይወትም ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። (ታሪኩን እስከ ፍጻሜው ስለማነሳ፣ መጨረሻውን አስቀድሞ ማወቅ የማይፈልግ ሰው መጽሐፉን አንብቦ ቢመለስ ይሻለዋል።)

ውቅያኖሱ

ሶላሪስ የፕላኔቱ ስም ነው። የሚዞረው ሁለት ፀሐዮችን ነው፤ አንዷ ቀይ፣ አንዷ ሰማያዊ። በስሌት ከሄድን እንዲህ ያለ ምሕዋር አይጸናም፤ የሁለቱ ፀሐዮች ስበት እያዛባው ፕላኔቱ ውሎ አድሮ ወደ ቀይዋ መውደቅ ነበረበት። ነገር ግን ዓመታት ወስደው ሲለኩት ምሕዋሩ ንቅንቅ አላለም። ቀስ በቀስ የተደረሰበት ምክንያት እንግዳ ነው፤ ምሕዋሩን የሚያርመው ፕላኔቱን ከሞላ ጎደል የሸፈነው ውቅያኖስ ራሱ ነው። ይህ ውቅያኖስ ውኃ አይደለም። ዝልግልግ፣ የሚንቀሳቀስ፣ ሕያው ነው ለማለት የሚያስደፍር አንድ ግዙፍ አካል ነው።

ሌም ከዚህ ቀጥሎ የሚያመጣው ክርክር ፈገግ ያሰኛል። የሕይወት ሳይንስ ሰዎች «ኋላ ቀር ነገር ነው፤ እንደ አንድ ያበጠ ሴል ቁጠሩት» ይላሉ። የፊዚክስና የሥነ ፈለክ ሰዎች በበኩላቸው «ፕላኔት የሚነዳ ነገር እንዴት ኋላ ቀር ይባላል?» ብለው ይሞግታሉ። የሚያዩት አንድ ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ሙያ ግን ያየው ሊያይ የሠለጠነበትን ብቻ ነው።

ከዚያ መሣሪያ ማውረድ ተጀመረ። ውቅያኖሱ መሣሪያዎቹን አልሰበራቸውም፤ ውስጣቸውን ለዋወጠው። ሲሠሩ በነበሩበት ሰዓት የመዘገቡት የምልክት ክምር ግዙፍ ነበር፤ ግን ተመሳሳይ ነገር ሁለት ጊዜ አልተገኘበትም። ዛሬ ሲነኩት እንደ ማዕበል የተነሣው ነገ በዚያው መንገድ ቢነኩት ዝም ይላል። በገጹ ላይም ሊቃውንቱ ሚሞይድ፣ ሲሜትሪያድ፣ አሲሜትሪያድ ብለው የሰየሟቸው ተራራ የሚያህሉ ቅርጾች ይበቅላሉ፤ ሰዓታት ወይም ቀናት ይቆዩና ይፈርሳሉ። ሚሞይዱ አጠገቡ ያለውን ነገር መልክ ይቀዳል። ሲሜትሪያዱ ደግሞ ውስጡ ሲገቡ አንድ የሒሳብ ቀመር በቁስ ተገንብቶ የቆመ ይመስላል።

ማወቅ የማይቻለው ለምንድን ነው?

ይህን ሁሉ የደራሲ ምናብ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ሌም ግን እየተነተነ ያለው ሳይንስ የሚቆምባቸውን እግሮች ነው፤ አንድ በአንድም ይነቅላቸዋል።

ሳይንስ ድግግሞሽ ይፈልጋል። ዛሬ የሠራሁትን ሙከራ ሌላ ሰው ነገ ሠርቶ ያንኑ ካላገኘ ግኝት ተብሎ አይመዘገብም። ውቅያኖሱ ግን ራሱን አይደግምም። ሳይንስ ማነጻጸሪያም ይፈልጋል፤ አንድን እንስሳ የምናውቀው ከዘመዶቹ ጎን አቁመን ነው። ውቅያኖሱ ዘመድ የለውም፣ ወላጅ የለውም፣ ሞቶ የተገኘ ቅሪት የለውም፤ በዓይነቱ እሱ ብቻ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ሦስተኛው ነው። የሌላን አሳብ የምንገምተው ሌላው የሚፈልገውን በመገመት ነው። የሚራብ፣ የሚፈራ፣ የሚዋለድ ነገር ሁሉ ቢያንስ በዚህ ይመስለናል፣ ስለዚህ ለምን እንደሮጠ ወይም ለምን እንደጮኸ መገመት አያቅተንም። ፕላኔት ሙሉ ብቻውን የተኛ፣ ጠላት የሌለው፣ የሚያጣው ነገር የማይታወቅ አካል ምን ሊፈልግ ይችላል? ግምታችን የሚነሣበት መሬት የለም።

ስለዚህ ሶላሪስቲክስ የተባለው የምርምር ዘርፍ አደገ፣ ወፈረ፣ ቅርንጫፍ አበጀ። ትልልቅ ስሞች ተነሡ። ጊዜ የተባለው ሊቅ ቅርጾቹን ሲመድብና ስም ሲያወጣ ዕድሜውን ጨርሶ፣ በመጨረሻ በአንድ ፍንዳታ ከ100 በላይ ከሆኑ ባልደረቦቹ ጋር አለቀ። ከዚያ አደጋ በኋላ ውቅያኖሱን በኑክሌር መሣሪያ እንምታው የሚል ጥሪ ተሰማ። ቀጥሎ ድካም መጣ። ሙንቲየስ የተባለ ተቺም ተነሥቶ «ይህ ሳይንስ የመሰለ ሃይማኖት ነው፤ ‹ግንኙነት› የምትሉትም እንደሚጠበቅ መሢሕ ነው» የሚል ትንሽ መጽሐፍ ጻፈ። መደርደሪያው በመጻሕፍት ሞላ፤ ጠብ ያለ ነገር ግን የለም። ስሞቹ ተከማቹ፣ ገለጻው ረቀቀ፤ «ለምን» የሚለው ጥያቄ ግን ከመጀመሪያው ቀን ፈቀቅ አላለም።

እንዲሁ ከመደርደሪያ በሚወርድ መጽሐፍ ውስጥ፣ በስድስተኛው ምዕራፍ፣ የተቀበረ አንድ ታሪክ አለ፤ የዘለለው ሰው ይህንን ነው የሚያጣው። ቤርቶን የሚባል አብራሪ፣ ፌሽነር የተባለ የጠፋ ሳይንቲስት ሲፈልግ፣ ከውቅያኖሱ ላይ ግዙፍ ሕፃን ማየቱን ለኮሚሽን ይናገራል። ሕፃኑ ሕያው ይመስላል፤ እንቅስቃሴው ግን የሕፃን አይደለም። አንድ ሌላ አካል የሕፃኑን እጅና እግር፣ ፊትና ዓይን ተራ በተራ የሚሞክር ነበር የሚመስለው። ኮሚሽኑ አብራሪው ጋዝ መርዞት ቃዥቷል ብሎ ፋይሉን ዘጋ። አንድ ሰው ብቻ፣ ምናልባት ውቅያኖሱ የሞተውን የፌሽነርን አእምሮ አንብቦ ይሆን ሲል ጠየቀ፤ ሰሚ አላገኘም። ማስረጃው ተገኝቶ፣ ተጽፎ፣ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። ተራኪው ኬልቪን የሚያነበው ነገሩ በራሱ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው።

እንግዶቹ

ክሪስ ኬልቪን የሥነ ልቦና ሊቅ ነው። ጣቢያው ሲደርስ ከሦስቱ ነዋሪዎች አንዱ ጊባሪያን ራሱን አጥፍቷል፤ ስናውት በፍርሃት ይንቀጠቀጣል፤ ሳርቶሪየስ በሩን ዘግቶ ከላቦራቶሪው አይወጣም። በኋላ እንደምንረዳው ተመራማሪዎቹ ውቅያኖሱን ያለ ፈቃድ በኃይለኛ ኤክስሬይ መትተውት ነበር። ከዚያ በኋላ ነው «እንግዶቹ» መምጣት የጀመሩት። ውቅያኖሱ እንቅልፍ ላይ ያለውን ሰው አእምሮ ያነብና ጥልቅ ትዝታውን ሥጋ አልብሶ ይልክለታል።

ለኬልቪን የመጣችው ሃሬይ ናት። ከዓመታት በፊት ከእሱ ጋር ተጣልታ በመርፌ ራሷን የገደለች ወጣት ሚስቱ። ሌም እዚህ ላይ የጻፋቸው ጥቃቅን ዝርዝሮች ከማንኛውም የሙት መንፈስ ታሪክ ይልቅ ያስፈራሉ። ቀሚሷ ቁልፍ አለው ግን አይከፈትም፤ ለማውለቅ በመቀስ መቅደድ ያስፈልጋል። ኬልቪን የሚያስታውሰው የቀሚሱን መልክ እንጂ አከፋፈቱን አይደለማ! የእግሯ መዳፍም እንደ አራስ ሕፃን ለስላሳ ነው፤ ረግጦ አያውቅም። ደሟን በማይክሮስኮፕ ሲመረምር ሴሎቹ ደህና ናቸው፤ ወደ ውስጥ ጠለቅ ብሎ አተሞቹ መኖር ወደሚገባቸው ደረጃ ሲደርስ ግን መስኩ ባዶ ነው።

ከዚያ በፊት ኬልቪን አብጃለሁ ብሎ ሠግቶ ነበር። ራሱን የመረመረበት መንገድ ድንቅ ነው። ፕላኔቱን ከሚዞረው ሳተላይት አንድ ልኬት ይጠይቃል፤ መልሱን ሳያይ ያስቀምጥና ያንኑ በጣቢያው ኮምፒዩተር ታግዞ ያሰላል። የሚቃዥ አእምሮ ያን ያህል ረጅም ስሌት ከራሱ ፈጥሮ ሊያዛምድ አይችልም። ቁጥሮቹ ተገጣጠሙ። መሳቢያ ውስጥ ደግሞ ሌላ ወረቀት አገኘ፤ ጊባሪያንም ያንኑ ሙከራ ቀድሞ አድርጎታል።

ውቅያኖሱ ይህን ለምን ያደርጋል? ስጦታ ይሆን? ቅጣት? ሙከራ? ወይስ የምናደርገውን ጭራሽ አላስተዋለም? መጽሐፉ አይመልስም፤ ያለመመለሱ ምክንያት ደራሲው ምስጢር ወዳድ ስለሆነ አይደለም። ቤተ መጻሕፍቱ አስቀድሞ ነግሮናል፤ መልሱን የምንለይበት መሣሪያ የለንም። ስናውት፣ ሰው ወደ ጠፈር የሚወጣው ሌላ ዓለም ፍለጋ ሳይሆን መስታወት ፍለጋ ነው ይላል። የምዕራፎቹ አቀማመጥም ይህንኑ ይናገራል፤ አንዱ ምዕራፍ አንድን ውቅያኖስ ማወቅ አለመቻልን ያሳያል፣ ቀጣዩ ባልና ሚስት መተዋወቅ አለመቻላቸውን። ኬልቪን የሚወዳት የትኛዋን ነው? የሞተችውን፣ ወይስ የመጣችውን? የመጣችው ቀስ በቀስ የራሷ ሰው ትሆናለች፤ ማንነቷን ስታውቅ ፈሳሽ ኦክስጅን ትጠጣለች፣ አትሞትም። በመጨረሻ ሳርቶሪየስ በሠራው መሣሪያ ለመጥፋት የመረጠችው ራሷ ናት፤ በመጽሐፉ ውስጥ ሙሉ ነፃ ውሳኔ ያደረገው አንድ ሰው ካለ እሷ ነች እላለሁ።

በክራኮቭ የተከመሩት መጻሕፍት

ሌም በ1921 በልቮፍ ተወለደ። ከተማዋ ያኔ የፖላንድ ነበረች፣ ዛሬ ልቪቭ ተብላ የዩክሬን ናት። አባቱ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ነበር። በ1939 ሶቪየቶች፣ በ1941 ናዚዎች ከተማዋን ያዙ። ቤተሰቡ ከአይሁድ ወገን ስለነበር ሌም በሐሰተኛ ሰነድ እየኖረ፣ በአንድ የጀርመን ድርጅት መኪና እየጠገነ፣ ብረት እየበየደ ጦርነቱን ተሻገረ። ወላጆቹ ተረፉ፤ ከዘመዶቹ ብዙዎቹ አለቁ። ስለዚህ ዘመን ለዓመታት አፉን ሞልቶ አላወራም። በ1984 በኒው ዮርከር መጽሔት በወጣ ጽሑፉ ግን መኖርና መሞት በቅንጣት አጋጣሚ ይወሰን እንደነበር፣ ያም ስለ ዓለም ያለውን አስተሳሰብ እንደቀረጸው ጽፏል። ምክንያት በሌለበት ምክንያት መፈለግ ሰው የማይተወው ልማድ መሆኑን ያየ ሰው ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ቤተሰቡ ወደ ክራኮቭ ተዛወረ። ሌም በያጌሎኒያን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተማረ፤ የመጨረሻውን ፈተና ግን ሆን ብሎ አልወሰደም፤ የጨረሱትን ሠራዊቱ ሐኪም አድርጎ ይወስዳቸው ስለነበር። ለእኛ የሚጠቅመን ግን በዚያው ወቅት የተቀጠረበት ሥራ ነው። ሚያቺስዋፍ ሆይኖፍስኪ የተባለ ምሁር የሳይንስ ጥናት ክበብ አቋቁሞ ነበር፤ ከሰሜን አሜሪካ ለፖላንድ ዩኒቨርሲቲዎች የሚላኩ መጻሕፍት በዚያ ያልፉ ነበር። ወጣቱ ሌም እንግሊዝኛን መዝገበ ቃላት ይዞ ራሱን አስተማረ፣ ስለ ሳይበርኔቲክስ (ማሽኖችና ሕያዋን ራሳቸውን የሚቆጣጠሩበትን መንገድ ስለሚያጠናው ዘርፍ)፣ ስለ ፕሮባቢሊቲ፣ ስለ ሳይንስ ዘዴ ያገኘውን ሁሉ አነበበ፣ በመጽሔት ላይም እየቃኘ ጻፈ። ያ ዘመን የሶቪየቱ የግብርና ተመራማሪ የሊሴንኮ ዘመን ነበር፤ በሶቪየት ኅብረት የዘር ውርስ ሳይንስ በመንግሥት ትእዛዝ ሐሰት ተብሎ፣ የሊሴንኮ ግምት እውነት የተባለበት። ሌም ይህን አልዋጠም፤ በጻፈው ነገርም መጽሔቱ ላይ ጣጣ መጣ።

አሁን ወደ ጣቢያው ቤተ መጻሕፍት እንመለስ። እርስ በርስ የሚጣሉ ትምህርት ቤቶች፣ ማስረጃን በስብሰባ የሚሽር ኮሚሽን፣ ከሳይንስ ወደ እምነት የሚንሸራተት ዘርፍ፣ ማንም የማያነበው ጥራዝ። ይህ ከምናብ ብቻ የመጣ አይደለም። ሳይንስን የሚወድ፣ ሳይንስ ከሰዎች ዳፍንት ጋር አብሮ ሲኖርም ያየ ሰው የጻፈው ነው። ፌዙ መራራ ያልሆነውም ስለዚህ ይመስለኛል፤ ሌም በሶላሪስ ሊቃውንት ላይ ይስቃል እንጂ አይንቃቸውም።

ወደዚህ የደረሰው በአንድ ጊዜ አይደለም። በ1951 የወጣው «ጠፈርተኞቹ» የዘመኑ መንግሥት የሚወደው ዓይነት ብሩህ ተስፋ ያለው ልብ ወለድ ነበር፤ በኋላ ራሱ ደራሲው ብዙም አልወደደውም። በ1959 በወጣው «ኤደን» ላይ ግን ከሌላ ዓለም ፍጥረታት ጋር መግባባቱ እየከበደ መጥቷል። «ሶላሪስ»ን የጀመረው በዚያ ሰሞን፣ በተራሮች ሥር ባለችው በዛኮፓኔ ነው። ራሱ እንደተናገረው፣ ኬልቪን ጣቢያው ደርሶ ስናውት ሲያየው የደነገጠበትን ትዕይንት ሲጽፍ፣ ስናውት ለምን እንደደነገጠ ደራሲውም አያውቅም ነበር። የመጨረሻውን ምዕራፍ የጨረሰው መጽሐፉን አስቀምጦ አንድ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ነው። ያ ምዕራፍ ኬልቪን ከስናውት ጋር ስለ አንድ አምላክ፣ ገና ያልበሰለና ከፈጠረው ነገር በታች ስለሆነ አምላክ፣ የሚያወራበት፣ ከዚያም ወደ ቤቱ ከመመለስ ይልቅ ለመቆየት የሚወስንበት ነው። መጽሐፉን ያሳተመውም፣ ማን ያምናል፣ የፖላንድ መከላከያ ሚኒስቴር ማተሚያ ቤት ነው።

ፊልሞቹና እትሞቹ

ብዙ ሰው ከመጽሐፉ በፊት የሚያገኘው የአንድሬ ታርኮቭስኪን የ1972 ፊልም ነው። ትልቅ ፊልም ነው፤ በካን ፌስቲቫልም ተሸልሟል። ሌም ግን አልተደሰተበትም፤ ታርኮቭስኪ የሠራው «ሶላሪስ»ን ሳይሆን የዶስቶየቭስኪን «ወንጀልና ቅጣት» ነው ብሏል። ፊልሙ ምድርን፣ ቤትን፣ አባትን፣ ጸጸትን ወደ ፊት አምጥቶ ውቅያኖሱን ወደ ኋላ ይገፋዋል። የስቲቨን ሶደርበርግ የ2002 ፊልም ደግሞ ፍቅሩ ላይ አተኮረ። ያኔም ሌም መጽሐፉ ጠፈር ላይ ስላለ ፍቅር ቢሆን ኖሮ ርእሱም እንዲያ ይሆን ነበር በሚል መንፈስ መለሰ። ሁለቱም ፊልሞች ቤተ መጻሕፍቱን ዘለዋል ማለት ይቻላል፤ በካሜራ የሚያዝ ነገር ስላልሆነ አልፈርድባቸውም።

በእንግሊዝኛ ለሚያነብ አንድ ተግባራዊ ነገር፦ የ1970ው እትም ከፖላንድኛ ሳይሆን ከፈረንሳይኛው የተመለሰ ነው፤ እዚያ ላይ ሃሬይ «ሬያ»፣ ስናውት «ስኖው» ተብለዋል። በ2011 ቢል ጆንስተን በቀጥታ ከፖላንድኛ የመለሰው ወጥቷል። ምርጫ ካለ ይህኛው ይሻላል።

ስለ ሰውየው አንድ ጉድ ልጨምር። አሜሪካዊው ደራሲ ፊሊፕ ኬ. ዲክ በ1974 ለኤፍ.ቢ.አይ. ደብዳቤ ጽፎ፣ ሌም አንድ ሰው ሳይሆን የኮሚኒስቶች ኮሚቴ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ነበር፤ በብዙ ስልት ይጽፋል፣ ብዙ ነገር ያውቃል የሚል ነው ማስረጃው። በዚያው ሰሞን ሌም ለአሜሪካ የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲያን ያለውን ንቀት ሳይደብቅ፣ ከእነርሱ መሐል ለይቶ ያወደሰው ዲክን ነበር።

ሌም በ2006 በክራኮቭ አረፈ። ከ«ሶላሪስ» በኋላ ምን ላንብብ ለሚል ሰው፣ በ1964 የወጣው «የማይበገረው» በአንድ ፕላኔት ላይ የሰፈሩ፣ አእምሮ የሌላቸው ግን የማይሸነፉ ጥቃቅን ማሽኖችን ስለሚገጥም መርከብ ነው፤ እንደ ጀብዱ ታሪክ ስለሚሮጥ ይቀላል። የ1968ቱ «የጌታው ድምፅ» ከከዋክብት የመጣን ምልክት ለመፍታት ስለሚደክሙ ሳይንቲስቶች ነው፤ እሱ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቤተ መጻሕፍት ነውና የ«ሶላሪስ»ን ስምንተኛ ምዕራፍ የወደደ ብቻ ይጀምረው።